የዲቦው መነኩሴ

የክርስትና ስሜ ገብረ ሚካኤል ነው። ልጅ ሳለሁ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሥዕል ነበር። እግራቸው በሰንሰለት ታስሯል። እናቴ ወደ ሥዕሉ እያመለከተች «ሞክሼህ ናቸው» ትለኝ ነበር። ከሥሩ «ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ሰማዕት» ይላል። የጎጃም ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አገራቸውን ማየት ፈለግሁ።

የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስተን የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ደጀን ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ግንደ ወይን። በስተግራ ጮቄ ተራራ ብዙ መንገድ አብሮን ሄደ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው «ብላ እንጂ ልጄ፣ መንገድ ነው» አሉኝ። መርጡለ ማርያም ስደርስ መሽቶ ነበር። አልጋ ይዤ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቅዳሴ እንዳበቃ ወደ ግቢው ገባሁ። እዚያ የእቴጌ እሌኒ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ። እሌኒ ያሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መልሰው ሠርተውታል። አሁን ጣሪያ የለውም። የቆመው ግድግዳ ነው። ጠጋ ብዬ አንዱን ድንጋይ አየሁት። አበባ ተቀርጾበታል። ዙሪያውን ቅጠል ይጠማዘዛል። በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ ይመስላል። ጣቴን በመስመሩ ላይ አስኬድኩት። የጠራቢው መሮ ያለፈበት ቦታ ዛሬም ለጣት ይሰማል።

አባ ገብረ ሚካኤል እነዚህን ድንጋዮች ሳያዩ አይቀሩም። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1791 ከዚህ ብዙ በማይርቅ ዲቦ በሚባል መንደር ነው። በ25 ዓመታቸው የመነኮሱትም እዚሁ መርጡለ ማርያም ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን ሲያውጁ ስንት ደም እንደፈሰሰ ጎጃም ያውቃል። በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ ዙፋኑ ለልጃቸው ተላለፈ። ካቶሊክ የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ቁስል ነው። በዚህ ግድግዳ ጥላ ሥር የኖረ መነኩሴ ምን ውስጥ እንደሚገባ ሳያውቅ ካቶሊክ አይሆንም። አውቀው ነው የገቡት። ስለ እሳቸው ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ከግቢው ስወጣ አንድ የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ከበዋቸዋል። አኩፋዳቸው ከጎናቸው ነው። እጅ ነስቼ ተጠጋሁ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ማንን ፍለጋ እንደመጣሁ ስነግራቸው ዝም አሉ።

«ዲቦን አውቃታለሁ» አሉ ቆይተው። «ሰውዬውን ግን አልሰማሁም። ቅኔ ያውቅ ነበር?»

«ሊቅ ነበሩ፣ የኔታ። ከዚህ ወጥተው ጎንደር ድረስ ተምረው አስተምረዋል።»

«እንግዲያ የኛ ተማሪ ነዋ! ተቀመጥ፣ ንገረን።»

እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅሁም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው።

ገና ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። ቢሆንም የትምህርት ጥማቸው ልክ አልነበረውም። ከመነኮሱ በኋላ የምንኩስና ሥርዓት ለምን ላላ ብለው ከገዳም ገዳም ዞሩ። በየደረሱበት የጥንት መጻሕፍትን ፈለጉ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። የሃይማኖት ክርክሩም ከጦርነቱ አይተናነስም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲከራከሩ ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባባሉ ሊቃውንት ተከፋፍለዋል። አባ ገብረ ሚካኤል በክርክሩ መሀል ስለ ክርስቶስ እውነቱን የሚነግራቸው ሰው ፈለጉ።

እ.ኤ.አ. በ1841 የትግሬና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ መልእክተኞች ወደ ግብፅ ላኩ። አባ ገብረ ሚካኤልም አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ ጋር የተጓዘ ላዛሪስት ከሚባለው የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር የሆነ አንድ ጣሊያናዊ ካህን ነበር። ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ ይባላል። እኛ ካቶሊኮች አቡነ ያዕቆብ እንለዋለን። ካይሮ ላይ አቡነ ሰላማ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ከመልእክተኞቹ ከፊሉ ወደ ሮም ተሻግረው የካቶሊኮችን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛን አገኙ። ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። ያ ሁሉ መንገድ ለአንድ ዓይና መነኩሴ ቀላል አልነበረም። በመንገዱ ላይ ግን ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወዳጅ ሆኑ። ፈረንጁ ደበሎ ለባሹን ሊቅ አልናቀም።

በ1844 አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆኑ። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ላይ ሠሩ። ልጆች አስተማሩ። ቅስና የተቀበሉት በ1851 ነው። ዕድሜያቸው ወደ 60 ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ተማሪ አቋረጠኝ። የቀኝ ዓይኑ ያለቅሳል፣ በእጁ ጀርባ ይጠርገዋል።

«በአንድ ዓይን ብራና ማንበብ ይችሉ ነበር?»

«ይችሉ ነበር። አስተማሪም ሆነዋል።»

ፈገግ አለ። የኔታም አዩት። ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

ቀጣዩን መናገር ከበደኝ። ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ አገሩን በአንድ ዙፋንና በአንድ ሃይማኖት ማሰር ፈለጉ። አቡነ ሰላማም ከጎናቸው ቆሙ። በ1854 አቡነ ያዕቆብና ተከታዮቹ ጎንደር ላይ ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር ተባረረ። አባ ገብረ ሚካኤልና አራት ባልንጀሮቻቸው እስር ቤት ቀሩ። ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ ብዙ ተሠቃዩ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት እንደሚሉት በቀጭኔ ጭራ ተገርፈዋል። የሚደርሳቸውን ምግብም ለሌሎች እስረኞች ያካፍሉ ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ስናገር ቴዎድሮስን የምከስ እንዳይመስል ፈራሁ። የኔታ ፊት ላይም ያንኑ ፍርሃት አየሁ። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ። አባ ገብረ ሚካኤልንም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱም የዚህ አገር ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አሰረ።

በ1855 ቴዎድሮስ ሲዘምቱ አባ ገብረ ሚካኤልን በሰንሰለት ከጦሩ ጋር አስከተሏቸው። በግንቦት መጨረሻ ላይ ሞት ተፈረደባቸው። እዚያ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አማለደና ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሰንሰለቱ ግን አልተፈታም። በዚያው ክረምት፣ በድካምና በበሽታ፣ መንገድ ላይ አረፉ። 64 ዓመታቸው ነበር። ሮም ላይ ብፁዕ ተብለው የታወጁት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1926 ነው።

«ሮም ታውቀዋለች» አሉ የኔታ። «እኛ ከአጠገቡ ሆነን አናውቀውም።»

ምን ልበል? እኔም ያወቅኋቸው ከሥዕል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አባ ገብረ ሚካኤልን ሊቅ ያደረጋቸው ሮም አይደለም። ፊደል የቆጠሩት እዚህ ነው። እውነትን ገዳም ለገዳም ዞሮ መፈለግን የተማሩት እዚህ ነው። ሃይማኖታቸውን ያልተቀበለ ሰው እንኳ ሊቅነታቸውን ሊያውቅላቸው ይገባል።

«መቃብሩስ የት ነው?» አለ ያ ዓይኑ የሚያለቅሰው ልጅ።

«ዛፍ ሥር ቀበሯቸው ይባላል። ቦታው ግን ጠፍቷል።»

ልጁ የተቀመጡበትን ዛፍ ቀና ብሎ አየ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። ተማሪዎቹም ተነሱ። እኔም ተነሳሁ። በእኛ ዘንድ ብፁዕ ለተባለ ሰው ይማለድልን ይባላል እንጂ ነፍሱን ይማር አይባልም። የኔታ ግን ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው «ነፍስ ይማር» አሉ።

«አሜን» አልኩ ከተማሪዎቹ ጋር።