በሙቀት የተመካኘ ሜሞሪ ሊክ

ድሬዳዋ ውስጥ ለማንኛውም ብልሽት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ስልክ ቢጠፋ ሙቀት፣ ጀነሬተር ቢያስነጥስ ሙቀት፣ ሰው ቢኮራረፍ ሙቀት። ስለዚህ የሠራነው ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል የሚል ስልክ ሲደወል፣ ከዚራ ባለው ቢሯችን ማንም አልደነገጠም።

ፕሮግራሙ በብራውዘር የሚከፈት የመስመር ካርታ መሥሪያ ነው፤ በእኛ አጠራር ግራፍ ኤዲተር። የሚጠቀሙበት የአንድ ጭነት ድርጅት የስምሪት ሠራተኞች ናቸው። ጅቡቲ ወደብ፣ ደወሌ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሞጆ እያንዳንዳቸው ኖድ፣ ማለትም ካርታው ላይ ያለ ነጥብ ናቸው። መንገዱና ሐዲዱ ኤጅ፣ ማለትም ነጥቦቹን የሚያገናኝ መስመር ነው። በየከተማው ሥር ደግሞ መጋዘኑ፣ ሚዛኑ፣ ማደያው፣ የጉምሩክ ኬላው የየራሱ ኖድ አለው። ሠራተኛው በማውስ ይጎትታል፣ መስመር ያገናኛል፣ ይሰርዛል። ትልቁ ካርታ 800 ገደማ ኖድ ነበረው።

የደወለችው የስምሪት ኃላፊዋ ናት። ድሬ ነውና አንቱታ የለም።

«አቦ፣ ይሄ ነገርህ ጠዋት ይሮጣል፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ቁጭ ይላል። ደወሌን ወደ ጎን ልጎትት ብል፣ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚከተለኝ!»

ኮምፒውተሩ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ፋን ይጮኻል። በቃ፣ ሙቀት ነው ተባለ። ጥርጣሬው የሞኝ አልነበረም፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራው ተጠረገ፣ ጠረጴዛው ላይ ቬንትሌተር ቆመ። ምንም ለውጥ የለም። ጭራሽ አንድ ቀን ክሮም «አው፣ ስናፕ!» የሚለውን ገጹን አሳይቷት ያልተቀመጠ ሥራዋን ይዞባት ሄደ። የዚያን ቀን ስልክ ውስጥ ምን ምን እንደተባለ እዚህ አልጽፍም።

ሙቀቱን ነጻ ያወጣችውም እሷው ነች። «ኤፍ 5 ስጫነው እኮ እንደ ጠዋቱ ይሆናል» አለች፣ እንደ ዋዛ። ክፍሉ ያው ክፍል፣ ሙቀቱ ያው ሙቀት ነው። ገጹ እንደ አዲስ ሲከፈት ብቻ የሚፈጥን ከሆነ፣ ጣጣው ያለው ገጹ ክፍት ሆኖ በቆየበት ሰዓት ያጠራቀመው ነገር ውስጥ ነው። ማለትም ሜሞሪ ሊክ፤ ፕሮግራሙ የጨረሰውን ነገር ሳይለቅ ሜሞሪ ውስጥ ይዞ መቅረቱ።

እኛ ጋ ያልታየበት ምክንያት ቀላል ነው። ፕሮግራመር ኮድ በነካ ቁጥር ገጹ ራሱን ሪፍሬሽ ያደርጋል። የእኛ ታብ ዕድሜው የደቂቃዎች ነው። እሷ ግን ጠዋት የከፈተችውን ታብ ማታ ነው የምትዘጋው። ለምሳ ቤቷ ገብታ፣ የቀትሩን ፀሐይ አሳልፋ ስትመለስ ያው ታብ ይጠብቃታል። በመሃል ደርዘን ካርታ ከፍታ ዘግታለች።

ፍለጋው ሲጀመር መጀመሪያ የተነሳው ክርክር ነበር። አንዱ ባልደረባችን «ግራፉ ክብ ስለሚሠራ ነው» አለ። መኪናው ከድሬ ጅቡቲ ሄዶ ተመልሶ ድሬ ይመጣል፤ ኖዶቹ እርስ በርስ ስለሚጠቋቆሙ አይለቀቁም ባይ ነው። ይህ ፍርሃት የድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ትዝታ ነው። የዛሬ ብራውዘር ስንት እጅ ጠቆመው ብሎ አይቆጥርም። ከሥሩ፣ ገጹን በሙሉ ከሚወክለው ከዊንዶው ተነስቶ የሚደረስበትን ሁሉ ምልክት ያደርጋል፤ ያልተደረሰበትን ይጠርጋል። ሺህ ኖድ ተቃቅፎ ቢቀመጥም ከውጭ የያዘው ከሌለ አብሮ ይጠረጋል። ጥያቄው እንግዲህ «ማን ነው ከውጭ የያዘው?» ነው።

መልሱ ክሮም ውስጥ ዴቭቱልስ በሚባለው የፕሮግራመሮች መመርመሪያ ላይ፣ ሜሞሪ የሚለው ክፍል ውስጥ ነበር። ባዶ ገጽ ላይ ሂፕ ስናፕሾት፣ ማለትም ሜሞሪው ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያሳይ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ትልቁ ካርታ ይከፈታል፣ ይጎተታል፣ ይዘጋል። «ኮሌክት ጋርቤጅ» የሚለውን ምልክት ተጭኖ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን፣ ማለትም ሜሞሪ ጠራጊውን ማስገደድ፣ ከዚያ ሁለተኛ ስናፕሾት አንስቶ ከመጀመሪያው ጋር ማወዳደር ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ዴቭቱልስ ክፍት ሆኖ ለማየት ብላችሁ ኮንሶል ሎግ ያደረጋችሁትን ኦብጀክት ኮንሶሉ (ጽሑፉ የሚወጣበት ሰሌዳ) ራሱ ይዞ ያስቀረዋል። ሌባ ፍለጋ ገብቶ የራስን ኮቴ መከተል ይመጣል።

ካርታው ተዘግቶም ኖዶቹ በሙሉ እዚያው ነበሩ። «ዲታችድ» ብለን ስንፈልግ ከገጹ ተነቅለው ሜሞሪ ውስጥ የቀሩት የስክሪን ኤለመንቶች ተግተልትለው ወጡ። ማን እንደያዛቸው የሚያሳየውን ሪቴይነርስ የሚለውን ስንከፍት ሰንሰለቱ ታየ፦ ዊንዶው፣ የማውስሙቭ ሊስነር (የማውስ እንቅስቃሴ አዳማጭ)፣ ከሱ ሥር ማውሱ ሲንቀሳቀስ የሚሠራው ፈንክሽን፣ ከሱ ሥር ኖድ።

ሊስነሩ ዊንዶው ላይ መሰካቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ኖድ እየተጎተተ ማውሱ ፈጠን ብሎ ከኖዱ ቢያመልጥ ጉተታው እንዳይቋረጥ ዊንዶውን ማዳመጥ የተለመደ ነው። ኮዱ ውስጥ ማጽጃም ነበረው። ኖዱ ሲሰረዝ «ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር» ይጠራል፤ ላይ ላዩን ላነበበው እንከን የለውም። እንከኑ በቅንፉ ውስጥ ነው። ሲመዘገብም ሲነሳም ፈንክሽኑ «ባይንድ» እየተደረገ፣ ማለትም ከኖዱ ጋር እየታሰረ ነበር። ባይንድ በተጠራ ቁጥር አዲስ ፈንክሽን ይወለዳል። የተመዘገበው አንዱ፣ እንዲነሳ የታዘዘው ሌላው። ብራውዘሩ ደግሞ ያልተመዘገበ ፈንክሽን አንሳ ሲባል አያማርርም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ዝምታ በግሌ ያናድደኛል። አንዲት ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብትወጣ ምን ነበረበት?

ግራፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል። ኖዱ የኤጆቹን ዝርዝር ይዟል። ኤጁ የሁለቱን ጫፍ ኖዶች ይዟል። እነሱም የየራሳቸውን ኤጅ። እንደ ባቡር ፉርጎ ነው፤ አንዱ ከተያዘ የተቀጠለው ሁሉ ይቆማል። ተረስታ የቀረች አንዲት የነዳጅ ማደያ እስከ ሞጆ ያለውን ካርታ በሙሉ ይዛ ታስቀራለች። በዚያ ላይ ሊስነሮቹ ሥራ አልፈቱም። ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የተዘጉት ካርታዎች ኖዶች ሁሉ «እኔን ነው የምትጎትተው?» እያሉ ይነሱ ነበር። ደወሌ ሻይ የምትጠጣው ለዚህ ነው፤ ፋኑም የሚጮኸው ለዚሁ።

ሁለተኛው ሌባ ወደኋላ መመለሻው፣ በእንግሊዝኛው «undo» የምንለው ነው። ማውሱ በተነቃነቀ ቁጥር የግራፉ ሙሉ ቅጂ ታሪክ ውስጥ ይገባ ነበር። አንድ ቅጂ ግማሽ ሜጋባይት ቢሆንና በሰከንድ 60 ጊዜ ቢገለበጥ፣ የሁለት ሰከንድ ጉተታ 60 ሜጋባይት ይወስዳል። ማንም ደግሞ በሚሊሜትር ልመለስ አይልም። አሁን የሚመዘገበው ማውሱ ሲለቀቅ ነው፤ የሚመዘገበውም «ይህ ኖድ ከዚህ ወደዚህ ሄደ» የሚል ብቻ። ሙሉው ካርታ ሳይገለበጥ ልዩነቱ ይቀመጣል። ታሪኩም በ100 እርምጃ ተገደበ። በገደቡ ላይ ኃላፊዋ «እኔ ጠዋት ድረስ መመለስ እፈልጋለሁ» ብላ ሞግታ ነበር። ጠዋት ላይ ራሱን የሚያስቀምጥ ቅጂ ተጨመረላትና ታረቅን።

የሊስነሩ መፍትሔ ባይንዱን ማረም ብቻ አልሆነም፤ ያ ነገ ሌላ ቦታ ይደገማልና። እያንዳንዱ ካርታ ሲከፈት አንድ አቦርት ኮንትሮለር፣ ማለትም ማቋረጫ ይፈጠርለታል። በካርታው ስም የሚሰካ ሊስነር ሁሉ የሱን ሲግናል ይዞ ይመዘገባል። ካርታው ሲዘጋ አንድ ጊዜ «አቦርት» ይባላል፣ ሁሉም አብሮ ይነቀላል። ነጠላ ኖድ ሲሰረዝም የራሱ ሲግናል አለው። ኤጁም ከእንግዲህ ኖዱን ራሱን አይዝም፤ የሚይዘው መለያ ቁጥሩን ነው። ኖዶቹ ማፕ በሚባል አንድ መዝገብ ውስጥ በመለያ ቁጥራቸው ተቀምጠዋል። ከማፑ የወጣ ኖድ ሌላው ቢረሳው እንኳ ጎረቤቶቹን ይዞ አይቀርም።

ለኖዶቹ የስፋትና የቁመት ልኬት ዊክማፕ ገባ። ዊክማፕ ቁልፉን አጥብቆ አይዝም፤ ኖዱ ሲሞት ልኬቱም አብሮ ይሄዳል። እሱን ያየ ባልደረባ ሁሉንም ዊክማፕ እናድርገው ብሎ ነበር፤ አይሆንም። ዊክማፕ ውስጡ ያለውን እየዞሩ ማየት ስለማይቻል ለዋናው የግራፍ መዝገብ አይመችም። ሌላ ሰው አጥብቆ የያዘውንም ዊክማፕ አያስለቅቅም።

አሁን አዲስ እትም ከመልቀቃችን በፊት አንድ አውቶማቲክ ፈተና አለ። ትልቁን ካርታ ደጋግሞ ከፍቶ ይዘጋል፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩን ያስገድዳል፣ ሜሞሪው ወደ መነሻው ካልተመለሰ ቀይ ያበራል። ባለፈው ጥግ ላይ የምትታይ ትንሿ ካርታ ስትጨመር ቀይ አበራ። ሪሳይዝ ኦብዘርቨሩ ስፋቱን እየተከታተለ ነበር፤ ካርታው ሲዘጋ ግን «ዲስኮኔክት» የሚለው የለም። አንድ መስመር ተጨመረና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለስምሪት ክፍሉ ተላከ።