ዛሬ ሃሪስ ደሴት ላይ ጎልፍ ተጫወትን

ስኮትላንድ፣ ስካሪስታ። ከስካይ ደሴት በመርከብ ተሻገርን፣ ከዚያ ደግሞ መኪና። መንገዱን ተዉት፣ አያልቅም።

ሜዳው 9 ጉድጓድ ብቻ ነው (ሙሉ ጨዋታ 18 ነው)፤ አጠገቡ አትላንቲክ። ሣሩ የበቀለበት አሸዋ ነፋስ ከባሕር ያመጣው የዛጎል ብናኝ ነው። የመጫወቻ ሒሳብ የሚከፈለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ተቆጣጣሪው ኅሊናችሁ። የ6 ሜጀር (የጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች) ዋንጫዎች ባለቤት እንግሊዛዊው ኒክ ፋልዶ እዚህ ተጫውቶ የፈረመባት ባለ 5 ፓውንድ ኖት ዛሬ የክለቡ አባላት ሽልማት ሆናለች። እሁድ ግን ወፍ የለም! ደሴቲቱ ሰንበት አክባሪ ናት። እኔ እንኳ ደስ ብሎኛል።

ነፋሱስ? ኳሷን ቲ (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) ላይ አስቀምጣለሁ፣ ትንቀጠቀጥና ዱብ። መልሼ አስቀምጣለሁ፣ ዱብ። በመጨረሻ መሬት ላይ አድርጌ መታኋት። ወደ ባሕሩ አቅንታ ሄደች፣ አየር ላይ ሐሳቧን ቀየረች መሰለኝ፣ ታጥፋ ሣሩ ላይ አረፈች። ጓደኛዬ በሳቅ ሞተ። የሱ ኳስ ግን ጉብታው ሥር ረጅም ሣር ውስጥ ገብታ ቀረች፤ ብንፈልግ ብንፈልግ የለችም።

9ኙን ስንጨርስ «በል እንድገመው፣ 18 ይሙላ» አለኝ። በሰኔ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4:30 ገደማ ስለሆነ መሽቷል ብሎ ማምለጥም አይቻልም። ደገምነው።