ተዋናዩ ዘፋኙን መምሰሉ ምን ይጠቅመናል?

የታዋቂ ሙዚቀኞችን ሕይወት የሚተርኩ ፊልሞች ዘግይተውም ቢሆን ጅማ ይደርሳሉ፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ፣ አንዳንዴም ድምፁ ከምስሉ እየቀደመ። ከጓደኞቼ ጋር አይተን ስንጨርስ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ተዋናዩ ሰውየውን መስሏል ወይስ አልመሰለም በሚለው ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ሙዚቀኛ ዕድሜውን የሚጨርሰው ሙዚቃ በመሥራት ስለሆነ፣ ስለ እሱ የተሠራ ፊልም ያንን ሥራ ካላሳየ፣ መልኩንና አለባበሱን ቢያስመስልም ሰውየውን አግኝቶታል ለማለት ይቸግረኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን፣ የኩዊን ባንድ ድምፃዊ የነበረውን ፍሬዲ መርኩሪን የሚመለከተውን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» እንውሰድ። መርኩሪን ሆኖ የተወነው ራሚ ማሌክ በዚህ ፊልም ኦስካር ተሸልሟል፤ ሲዘፍን የምንሰማው ድምፅ ግን በአብዛኛው የመርኩሪ የራሱ ቅጂና እሱን አስመስሎ የሚዘፍን የሌላ ድምፃዊ ነው። በፊልሙ መሠረት ባንዱ ተበትኖ ከቆየ በኋላ ለላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ሲል ይታረቃል፤ መርኩሪም ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ከኮንሰርቱ በፊት ያውቅና በልምምድ ላይ ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ባንዱ በ1984 አልበም አውጥቶ እስከ 1985 ግንቦት ድረስ ከአገር አገር እየዞረ ሲጫወት ነበር፤ መርኩሪ ስለ በሽታው ያወቀው ደግሞ ከኮንሰርቱ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እንደሆነ ነው በአብዛኛው የሚታመነው። ላይቭ ኤይድ፣ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1977፣ ለእኛው አገር ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዘጋጀ ኮንሰርት መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይመስለኝም። ያንን ዓመት የሚያስታውሱ ወላጆች ያሳደጉን ሰዎች፣ ያ ቀን የአንድ ድምፃዊ የንስሐና የዕርቅ መድረክ ሆኖ ሲቀርብ ስናይ ቅር ቢለን አይፈረድብንም።

መርኩሪ ስለ በሽታው ያወቀበት ቀን በፊልሙ የተዛወረው በስህተት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የዚህ ዓይነት ፊልም ቅርጽ አስቀድሞ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ጀግናው ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይጸጸታል፣ በመጨረሻም በታላቅ መድረክ ላይ ይነሣል፤ ሕይወቱ በልኩ ካልሆነ የሚቆረጠው ሕይወቱ ነው። ስለ ሬይ ቻርልስ በ2004 የተሠራው «ሬይ» ጥሩ ፊልም ነው፤ ሬይን ሆኖ የተወነው ጄሚ ፎክስም ፒያኖውን በእርግጥ የሚጫወት ሰው ነው። ሆኖም ሬይ ቻርልስ በዘር ለተከፋፈለ ታዳሚ አልጫወትም በማለቱ የጆርጂያ ግዛት ለዘለቄታው እንዳገደው፣ በ1979 ደግሞ እገዳውን አንሥቶ ይቅርታ እንደጠየቀው ያሳያል። በ1961 ኦገስታ ከተማ ሊያቀርበው የነበረውን ኮንሰርት መሰረዙ እውነት ነው፤ በ1979 እሱ ዝነኛ ያደረገው ዘፈን የግዛቲቱ መዝሙር መሆኑም እውነት ነው፤ እገዳ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። እውነተኛው ታሪክ ምን አንሶት ይህ እንደተጨመረበት እስካሁን አልገባኝም።

ከቅርጹ ቀጥሎ የሚመጣው የባለመብቶች ጉዳይ ነው። ዘፈን የሌለበት የዘፋኝ ፊልም ማን ያያል? ዘፈኖቹን ለመጠቀም ደግሞ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለመብቱም ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ወይም የቀሩት የባንዱ አባላት ናቸው። በ2013 ስለ ጂሚ ሄንድሪክስ ፊልም የሠሩ ሰዎች ይህን ፈቃድ በማጣታቸው፣ ራሱ ሄንድሪክስ የደረሳቸው ዘፈኖች አንድም ሳይሰሙበት ፊልማቸውን ጨርሰዋል። በተቃራኒው በ2024 ስለ ቦብ ማርሊ የወጣው ፊልም ባለቤቱና ልጆቹ በአዘጋጅነት የተሳተፉበት ስለሆነ ዘፈን አላጣም። ከ1976ቱ የግድያ ሙከራ እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ላይ ማተኮሩም የሚመሰገን ነው። ይሁንና የማርሊ ጥፋቶች በአንድ ጭቅጭቅ ተነሥተው ወዲያው ሲታለፉ፣ ካሜራውን የያዘው እጅ የቤተሰብ እጅ እንደሆነ ይታወቃል። በእኛም አገር «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይባል ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይነገርምና፣ የእኛ ፊልም ሠሪዎች ከዚህ የተሻለ ድፍረት ይኖራቸዋል ብዬ አልጠብቅም።

ሐሳቤን ያጠናከረልኝ፣ ከሁሉም ይልቅ ለታሪክ ደንታ የሌለው ፊልም ነው። በ1984 የወጣውና ስምንት ኦስካር ያገኘው «አማዴየስ» ሳሊየሪ የተባለውን የቪየና ሙዚቀኛ በቅናት ተቃጥሎ ሞዛርትን ለሞት እንደዳረገ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። ይህ ሐሜት ነው፤ ሳሊየሪ እንዲያውም ከሞዛርት ሞት በኋላ ልጁን ሙዚቃ አስተምሯል። ነገር ግን በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ሞዛርት ታሞ አልጋ ላይ እንደተኛ የሙታን መታሰቢያ ቅዳሴውን ለሳሊየሪ ቃል በቃል ያስጽፈዋል፤ በመጀመሪያ የወንዶቹን ድምፅ፣ ቀጥሎ የነፋስ መሣሪያዎቹን፣ ከዚያም ባለ አውታሮቹን። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እንሰማዋለን፤ ሳሊየሪ መከተል አቅቶት ቆይ ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ተጣምሮ ሲሰማ አንድ ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ ምን ተሸክሞ ይኖር እንደነበር ይገባናል። ይህ ትዕይንት በእውነታው ዓለም አልተፈጸመም፤ በ1791 ሞዛርት ሲሞት ያልተጠናቀቀውን ሥራ የጨረሰው ሱስማየር የሚባል ተማሪው ነው። እኔ ግን ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዎቹን ጠንቅቀው ከጻፉ ፊልሞች ይልቅ በዚህ የፈጠራ ትዕይንት ውስጥ ሙዚቀኛውን አግኝቼዋለሁ።

ወደ እኛ ስንመጣ ሌላ ችግር ይጨመራል። የውጭዎቹ ፊልሞች ዘፈንን እንደ ማስታወሻ ደብተር ያነቡታል፤ ሰውየው ከሚስቱ ይጣላል፣ በዚያው ሌሊት ስለ መለያየት ይጽፋል። የእኛን የካሴት ሽፋን አገላብጦ ያየ ሰው ግን ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ ደግሞ የሦስተኛ መሆኑን ያውቃል። ጥላሁን ገሠሠ በዘፈነው ፍቅር ውስጥ «እኔ» የሚለው ብዙ ጊዜ የገጣሚው እኔ ነው። ስለ ጥላሁን ፊልም ቢሠራ ለአሳዛኝ ትዕይንት የሚሆን ነገር አይጠፋም፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ታስሯል፣ በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን አጥቷል፣ በዚሁ አቆጣጠር በ2001 ሲያርፍም በብሔራዊ ክብር ተሸኝቷል። ፊልሙ እነዚህን መከራዎች ከዘፈኖቹ ጋር አንድ በአንድ ካገጣጠመ ግን ሕይወቱንም ዘፈኑንም ያዛባል። የጥላሁን ሥራ የሌላ ሰው ቃል ተቀብሎ የራሱ እስኪመስል ድረስ መዝፈን ነበር፤ ለእኔ ከማንኛውም የግል ኀዘን ይልቅ የሚደንቀው ይህ ነው።

በከተማችን የሙላቱ አስታጥቄ ፊልም መቼ ይሠራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወልደዋልና ጥያቄው ተገቢ ነው። ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ተልከው ወደ ሙዚቃ ማዘንበላቸው ለተለመደው ፊልም የሚመች ነው፤ ሠሪዎቹ ከቤተሰብ ጋር የዕንባ ትዕይንት ጨምረው ከለንደን ቦስተን ያሻግሯቸውና በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ይጨርሱታል። እኔ የምጓጓው ግን አሜሪካ ሳሉ ስለ ሠሩት ሥራ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አሥራ ሁለት ድምፅ ከሚጠቀመው የጃዝ ስምምነት ጋር ማጣመር በቀላሉ የሚሆን አይደለም። ከሥር የሚገባው ድምፅ ሲበዛ ቅኝቱ ጠባዩን ያጣል፤ አንሶ ሲገኝ ደግሞ ጃዙ የለም። በበትር በሚመታው ባለ ብረት ዘንግ መሣሪያ፣ በቫይብራፎን ፊት ቆመው አንዱን ድምፅ እየጨመሩ፣ ሌላውን እየቀነሱ፣ አንቺ ሆዬ አሁንም አንቺ ሆዬ መሆኑን በጆሮ የሚፈትኑበትን ያንን ረጅም ሥራ ለተመልካች በሚገባ መንገድ የሚያሳይ ሰው ከተገኘ፣ የቤተሰቡን ስንብት በፈለገው ጣቢያና በፈለገው ዓመት ያድርገው፤ እኔ አልከራከረውም።