የገብስ ቡና

ዛሬ የደብረ ብርሃን ነፋስ ጉድ ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚሁ ያደግነው እንኳ ጋቢ ደርበን ነው የምንወጣው፣ ከወለጋ ሙቀት ተፈናቅለው መጥተው ሸራ ውስጥ የሚያድሩትንማ አስቡት።

ትንሽ ልብስ ይዤ መጠለያው ሄድኩ። አንዲት እናት «ነይ ልጄ፣ ቡና ደርሷል» አሉኝ። ሽታው ግን የቡና አይደለም። እስኪጠቁር የተቆላ ገብስ ነው! «ጓሮዬ ሙሉ ቡና ነበር፣ አሁን ኪሎው አይቀመስም» ብለው ሳቁ። ረከቦት የለም፣ የተገለበጠ ጀሪካን እንጂ። ጎረቤት ግን አንድም አልቀረም።

እቁብም አላቸው፤ 12 ሴቶች፣ በሳምንት 20 ብር። ባለፈው የደረሳት ምጣድ ገዝታ እንጀራ መሸጥ ጀምራለች። አንዷ መርዶ ስትሰማ ደግሞ ሁሉም እሷ ሸራ ውስጥ ተጠጋግተው ያድራሉ፣ ብቻዋን አትተውም። (እኛ ስብሰባ ላይ «የሥነ ልቦና ድጋፍ» እያልን የምንውለው ይሄን ነው መሰለኝ።)

ልወጣ ስል ካመጣሁት ልብስ ወፍራሟን ሹራብ ለዩና «ይቺን ለአራሷ ስጪልኝ፣ እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ» አሉኝ።

አልለመዱትም። ሲኒውን ሲያቀብሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።