ፍልሰታ ሳይገባ ጃፓን ደርሶ መመለስ

ሰሞኑን አራት ኪሎ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ጃፓን ነው የሚጠይቀኝ። ቪዛ ይሰጣሉ ወይ፣ ምን በላችሁ፣ በቡድን መሄድ ይሻላል ወይስ ለብቻ። ለእያንዳንዱ በቃል መመለስ ሰልችቶኛል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። የምትሄዱት በዓላቸውን ለማየት ከሆነ «ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ሂሮሺማ በአንድ ሳምንት» የሚለውን ፕሮግራም አትግዙ። ለኛም መጀመሪያ የቀረበልን እሱ ነበር። ፒያሳ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ያማረ ወረቀት ዘርግቶ ሲያስረዳን ቆየና «ባህላዊ ፌስቲቫል» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ፣ ነገሩ ለካ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከእራት ጋር የሚቀርብ ጭፈራ ነው። ኪሞኖ ለብሶ ፎቶ መነሳት፣ ሻይ መቅመስ፣ ከዚያ ወደ አውቶቡስ። ጥምቀትን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ጃንሜዳን ሳይረግጥ የባህል ምግብ ቤት እስክስታ አይቶ እንደሚመለሰው ማለት ነው።

የጃፓን በዓል ያለው መንገድ ላይ ነው፣ ቀኑም ለቱሪስት ተብሎ አይነቃነቅም። ስለዚህ ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት ቀን ምረጡ።

እኛ የመረጥነው ሰሜኑን ነው፣ ቶሆኩ የሚባለውን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሦስት ትልልቅ በዓላት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገጥማሉ። የአኦሞሪው ኔቡታ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 26 እስከ ነሐሴ 1 ነው፣ የአኪታው ካንቶ ከሐምሌ 27 እስከ 30፣ የሴንዳዩ ታናባታ ከሐምሌ 30 እስከ ነሐሴ 2። ለሚጾም ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፣ በዓሉ ሊያልቅ ሲል ማለት ነው። ከቶኪዮ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ሴንዳይ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ የአኦሞሪው ጣቢያ ሺን አኦሞሪ ደግሞ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ኪዮቶን የሚመርጥ ሰው ግን አልወቅስም። የጊዮን በዓል የተጀመረው በ869 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ሲገባ ነው፣ ለምሕላ ማለት ይቻላል። ሐምሌ 10 እና 17 ላይ የሚወጡት ሠረገላዎች አንዳንዶቹ 12 ቶን ይደርሳሉ። መሪ የላቸውም፣ መንኰራኩራቸውም አይታጠፍም። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ አስፋልቱ ላይ አንጥፈው ውኃ ያፈሱበትና በገመድ ወደ ጎን ይጎትቱታል። እሱን ቆሞ ለማየት ብቻ መሄድ ያስመኛል።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጃኬት ለብሰን ነው፣ ክረምት አይደል። አውሮፕላኑ በሴኡል ኢንቾን በኩል የቶኪዮው ናሪታ ያደርሳል። ቶኪዮ በዚያ ወቅት 35 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ወበቁ ደግሞ ሌላ ነው። ሰሜኑ ትንሽ ይሻላል። ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ እስከ ቦሌ መልስ አትፈልጉትም።

አኪታ። ካየሁት ሁሉ በልጦብኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው። 12 ሜትር የሚረዝም ቀርከሃ አለ፣ 46 የወረቀት ፋኖስ ተሰቅሎበታል፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ፋኖሱ ውስጥ የሚበራው እውነተኛ ሻማ ነው። አንድ ሰው ይህን ያነሳና መዳፉ ላይ ያቆመዋል፣ ከዚያ ግንባሩ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ዳሌው ላይ ያደርገውና እጁን ይለቀዋል። ፋኖሶቹ የተደረደሩት የሩዝ ዛላ እንዲመስሉ ነው፤ ልመናው አዝመራው እንዲሰምር ነው።

ከፊታችን የነበረው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀርከሃው ዳሌው ላይ እንዳለ ነፋስ መጣና ጎበጠ። ልጁ የሚያየው ጫፉን ብቻ ነው፣ እግሩ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ከበሮውና ዋሽንቱ አላቆሙም፣ ሕዝቡ «ዶኮይሾ! ዶኮይሾ!» እያለ ይጮኻል። ሊወድቅ ነው ስንል በኛ በኩል ወደቀ። ደግነቱ በመንገዱ ዳር የተወጠረው ገመድ ያዘው። ግማሹ ሻማ ጠፋ። ማንም አልሳቀበትም። ጓደኞቹ ሮጠው መጡ፣ ሻማዎቹን ለኮሱ፣ ሌላ ልጅ ተቀበለው፣ ቀርከሃው እንደገና ቆመ። የኛ ሰው ግን ልቡ እስኪመለስ ቆየ።

የዚያን ማታ እራት ቤት ባለቤቱ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ሲሰሙ «አበበ!» ብለው ቆመው የሯጭ እጅ አሳዩን። በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ጨርሶ፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ብዙም ሳይቆይ፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የታየውን አበበ ቢቂላን ማለታቸው ነው። ቅናሽ ግን አላደረጉልንም።

አኦሞሪ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ኔቡታ ማለት በእንጨትና በሽቦ ተዋቅሮ በወረቀት የተሸፈነ፣ ከውስጥ መብራት ያለው ግዙፍ ምስል ነው። ጎኑ እስከ 9 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፣ የሚገፋው በሰው ጉልበት ነው። ጥንታዊ ጦረኛ፣ ጋኔን፣ ዘንዶ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ሁሉ ይመጣል። ከቡድናችን ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት እናት ነበሩ፣ የመጀመሪያው ምስል ሲያልፍ አማተቡና አስጎብኚዋን «ልጄ፣ ይሄ ታቦታቸው ነው?» አሏት። አንዳችን አስተረጎምን። ልጅቷ ገባት፣ አይደለም አለች፤ አምላክ አለበት ተብሎ በትከሻ የሚወጣው ሚኮሺ የሚባለው ነው፣ እሱ የቤተ መቅደስ በዓላት ላይ ነው፣ ይሄ ግን ምስል ብቻ ነው፣ በዓሉ ሲያልቅ አብዛኛው ይፈርስና ለከርሞ አዲስ ይሠራል። እማማ ያስደነገጣቸው መፍረሱ ነው። «ይሄ ሁሉ ተለፍቶበት?»

ዳር ተቀምጦ ማየት ይቻላል፣ የወንበር ቲኬትም ይሸጣል። እኔ ግን መዝለሉን እመርጣለሁ። ሃኔቶ የሚባሉትን ዘላዮች ልብስ በደንቡ የለበሰ ማንም ሰው ይገባል፣ ዜግነት አይጠየቅም፣ ምዝገባ የለም። ልብሱ እዚያው ይከራያል፣ አበባ የተሰካበት ባርኔጣና ቃጭሎች አሉት። «ራሴራ! ራሴራ!» እያሉ በየእግሩ ሁለቴ ሁለቴ መዝለል ነው፣ እስክስታ ለለመደ ሰው ትከሻውን ማሳረፍ ብቻ ነው የሚከብደው። ከዘላዮቹ የረገፈ ቃጭል ያነሳ ሰው ዕድል ይቀናዋል ይባላል። እማማ አንድ አገኙ፣ «ጣዖት እንዳይሆንብኝ» እያሉ ሲያገላብጡት ቆዩና ለልጅ ልጄ ይሆናል ብለው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት።

ሴንዳይ ላይ ብዙ አልቆየንም። ከቀርከሃ የሚንጠለጠል ረጃጅም የወረቀት ጌጥ ነው፣ የገበያው ጣሪያ ሥር ሁሉ ይሞላል፣ ሰዉ ምኞቱን በትናንሽ ወረቀት ጽፎ ያስራል። የገረመኝ የቀኑ ነገር ነው። ታናባታ ሰባተኛው ወር በገባ በሰባተኛው ቀን ነበር፣ ጃፓን በ1873 እ.ኤ.አ. የፈረንጁን አቆጣጠር ስትቀበል ግን ቀኑ ከወቅቱ ጋር ተፋለሰ፣ ስለዚህ ሴንዳይ በወር አዘግይታ ታከብረዋለች። ሁለት አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ምግብ ላይ ጿሚዎች ተጠንቀቁ። አትክልት ብቻ ይመስላል፣ ግን መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው፣ ሾርባውም ኑድሉም ውስጥ አለ። ረቡዕና ዓርብ ያዳነን ከየሱቁ የምንገዛው በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ነው፤ መሐሉ በጨው የተዘፈዘፈ ጎምዛዛ የፕሪም ዓይነት ያለበት አለ። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ደግሞ ሾጂን ሪዮሪ ይባላል፣ ሥጋም ዓሣም የለውም፣ አስቀድሞ ማስያዝ ግን ይጠይቃል።

አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ ላላችሁኝ፣ ለሆቴልና ለባቡር አዎ። በበዓሉ ሰሞን አኦሞሪና አኪታ አልጋ ከወራት በፊት ነው የሚያልቀው። እኛ ያደርነው መሐል ላይ ባለችው ሞሪዮካ ነው፣ በተከራየ አውቶቡስ እየተመላለስን። እዚያም እስከ ሐምሌ 28 ሳንሳ የሚባል የከበሮ በዓል አላቸው፣ እንደ ምርቃት ቁጠሩት። ለበዓሉ ለራሱ ግን ባንዲራ ይዞ የሚመራችሁ ሰው አያስፈልግም። ሰልፉ የሚጀምረው ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፣ የቡድን እራትም የሚቀርበው ልክ በዚያው ሰዓት ነው፣ እኛ እራቱን ወደ 10 ሰዓት እንዲያመጡልን አስቀድመን ተከራክረናል። ወኪሉ ጋ ስትሄዱ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ሐምሌ 28 ማታ 1 ሰዓት የት ነን?» በሉት። ሆቴል ነን ካላችሁ ሌላ ቢሮ ሞክሩ።

ወረቀቱን በጊዜ ጀምሩ፣ ባንክ ዶላር የሚሸጥላችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስታሳዩ ነው። ጥሬ የን ያዙ፣ መንገድ ዳር የሚጠብሱት ሁሉም ካርድ አይቀበሉም። ለቆሻሻም ፌስታል ያዙ፣ መንገድ ላይ መጣያ ብዙም አይገኝም።