ድርሰት በዲግሪ

ዛሬ አንድ ወዳጄ በፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ ለመማር ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዘውን አጭር ልቦለድ አነበብኩለት። አብረውን የነበሩት "ደራሲ ይወለዳል እንጂ ተምሮ አይሆንም" ብለው ዘመቱበት። ይህ አባባል ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሠዓሊ ሥዕል ትምህርት ቤት ሲገባ ማን ይገረማል?

የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ወርክሾፑን (ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እየተቹ ድርሰት የሚማሩበትን ፕሮግራም) የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ በ1970 ተከተለ፤ ደራሲው ካዙኦ ኢሺጉሮ እዚያ ተምሮ በ2017 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማት አገኘ። (ኖቤሉን ያመጣው ዲግሪው ነው የሚል ካለ ግን አልከራከረውም፤ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።)

ትምህርቱ የሚሰጥህ ጊዜ፣ ቀነ ገደብና ረቂቅህን መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ነው። ወርክሾፕ ላይ በተለመደው አሠራር ሥራህ ሲተች አንተ አፍህን ዘግተህ ታዳምጣለህ። ከባድ ነው፤ ግን ይጠቅማል። የወዳጄ ልቦለድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ዝናብ ብቻ ናቸው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ሦስተኛው ገጽ ላይ እናትየው ደብዳቤውን ስትደብቅ ነው። ይህን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም፤ እስከ ዛሬ ግን የነገረው አልነበረም። ሁሉም "ግሩም ነው" እያለ ሸኝቶታል።

ወጪውን የሚሸፍንለት የትምህርት ዕድል ካገኘ ይሂድ ብያለሁ። በብድር ከሆነ ይቅርበት።