ያዘ እንጂ አልለቀቀም

ሆንዳ ሞተር ሳይክሌን ገፍቼ ነው ወደ ቤት የመለስኳት፤ መግፋት ከተባለ። የፊት ቸርኬው ድርቅ ብሎ ስለተያዘ መሪውን እያነሣሁ፣ ኮርቻውን እየገፋሁ፣ በየሃያ እርምጃው እያረፍኩ። ከሁለት ዓመት እድሳት በኋላ የወጣሁባት የመጀመሪያ ዙር ነበረች። አራቱንም ካርቡሬተሮች አጥቤያለሁ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይሬያለሁ፣ የነዳጅ ጋኑን ቀለም አስቀብቻለሁ። ፍሬኑን ግን «ይይዛል፣ ይበቃል» ብዬ አልፌዋለሁ። ያዘም።

ሞተር ሳይክሏ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ሲቢ 550 ናት፤ የፊት ፍሬኗ ባለ አንድ ዲስክ፣ የኋላው ባለ ታምቡር። ሆንዳ በ1969 ሲቢ 750ን በሃይድሮሊክ የፊት ዲስክ ካወጣ በኋላ ይኸው አሠራር ወደ ሌሎቹም ወርዷል። ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን በሸራ ጨምቆ የሚይዘው ክፍል፣ አንድ ፒስቶን ብቻ ነው ያለው። ፒስቶኑ አንዱን ሸራ ወደ ዲስኩ ሲገፋ፣ ካሊፐሩ ራሱ በፎርኬታው ላይ እንደ በር በማጠፊያው ዞር ይልና ሁለተኛውን ሸራ ከወዲያ በኩል ያመጣዋል። ቀላል ነገር ነው። ቀላል መሆኑ ነው ያታለለኝ።

ሕመሙ እንዲህ ነበር። ቀዝቃዛ ሳለች ምንም የለባትም፤ ቸርኬው በጣት ይሽከረከራል። አምስት ስድስት ጊዜ ፍሬን ከያዝኩ በኋላ ግን እጀታው እየጠነከረ፣ የሚሄደው ርቀት እያጠረ ይመጣል። ሸራው ሳይለቅ ሲቀር ዲስኩ ይግላል፣ ዲስኩ ሲግል ዘይቱ ይግላል፣ ዘይቱ ሲግል ያብጣል፣ ያበጠው መሄጃ ሲያጣ ሸራውን ይበልጥ ይጫናል። በመጨረሻ እግርህን መሬት ላይ ተክለህ ትቆማለህ። ግማሽ ሰዓት ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትለቃለች።

እኔ በቀጥታ ካሊፐሩን ጠረጠርኩ። ምክንያቴም መጥፎ አልነበረም፤ ለዓመታት የቆመ ሞተር ሳይክል ፒስቶኑ መዛጉ የተለመደ ነው። ከፍቼ ሳየውም ዝጎ ነበር፤ ስለዚህ «አገኘሁት» አልኩ። አንድ ነገር ተበላሽቶ ማግኘትና የበሽታውን መንስኤ ማግኘት ለየቅል መሆናቸውን የተረዳሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ፒስቶኑ አልወጣም አለ። አንዳንዱ በኮምፕሬሰር አየር ይመታዋል፤ እኔ ግን አልሞክረውም። በአየር የተመታ ፒስቶን እንደ ጥይት ነው የሚወጣው፣ ጣት መሃል ከገባ ጣት ይሰብራል። ከመፈታታቱ በፊት በራሱ በፍሬን እጀታ ገፍቶ ማስወጣት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነበር፤ እኔ ግን ቱቦውን አስቀድሜ ፈትቼዋለሁ። ስለዚህ በቱቦው ቀዳዳ ላይ የግራሶ ፓምፕ የሚቀበል ማገናኛ አስገብቼ፣ የአየር ማስወጫዋን ዘግቼ ግራሶ ሞላሁበት። ግራሶ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስቶኑ በፓምፑ ምት ልክ በሚሊሜትር በሚሊሜትር፣ ያለ ድምፅ ወጣ። ዋጋው ከዚያ በኋላ ግራሶውን ከየቀዳዳው ማጠብ ነው። ግራሶ ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት የፍሬን ጎሚኒን፣ ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ስለሚያሳብጥ አንዲት ጠብታ እንኳ መቅረት የለባትም፣ የነካችው ጎሚኒም ሁሉ ይጣላል።

የፒስቶኑ ኒኬል ተልጦ ጉድጓድ ጉድጓድ ስለነበር በአይዝጌ ብረት ፒስቶን ቀየርኩት። አዲስ ጎሚኒ አስገባሁ፣ ገጠምኩ። ፒስቶኑ በእጅ አልገባ አለ! በመዶሻ እጀታ ልገፋው ስል አንድ ነገር ከለከለኝና መልሼ አወጣሁት። ለካ ሲሊንደሩን አሳምሬ ሳጸዳ ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ አላየሁትም። ቦዩ ውስጥ ነጭ፣ እንደ ኖራ የጠነከረ የአሉሚኒየም ዝገት ተጋግሯል። ያ ዝገት ጎሚኒውን ከኋላ ወደ ውስጥ እየገፋ ፒስቶኑን እንዲያንቀው ያደርገዋል። ደግሞም ይህ ጎሚኒ ዘይት ከማገድ ሌላ ሥራ አለው፤ ጎኑ አራት ማዕዘን ስለሆነ ፒስቶኑ ሲወጣ አብሮ ይለመጣል፣ እጀታው ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስቶኑን በጥቂቱ ይዞት ይመለሳል። ፒስቶኑን የሚመልስ ሌላ ሞላ የለም። ቦዩ ከቆሸሸ ይህ ሁሉ ይቀራል። በጥርስ ሐኪም መፋቂያ አንድ ሙሉ ማታ ፋቅኩት።

ገጠምኩ፣ ወጣሁ። በስድስተኛው ፍሬን ያዘች።

ቀጥሎ የጎማውን ቱቦ ቀየርኩ። ያረጀ ቱቦ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን በግፊት አሳልፎ ተመላሹን ያግታል የሚል ነገር ሰምቼ ስለነበር፣ የብረት ጥልፍ የለበሰ አዲስ ቱቦ ከአዳዲስ የመዳብ ሮንዴላዎች ጋር ገጠምኩ። እጀታው በጣም ደስ የሚል ጥንካሬ አገኘ። ግን አሁንም ያዘች።

አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ ዘመድ አለኝ። ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ካሊፐሩን ሁለት ጊዜ ፈታሁት፣ ቱቦውንም ቀየርኩ። አሁንም አትለቅም።»

«እሺ፤ ስትይዝ ማስወጫዋን ከፍተህ አይተሃል?»

«አይ፣ አላየሁም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትፈታው? መጀመሪያ ጠይቃት እንጂ!»

አስረዳኝ። ፍሬኑ እንደተያዘ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ መነጽር አድርገህ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ በጥቂቱ ትከፍታለህ። ዘይቱ ፊን ብሎ ወጥቶ ቸርኬው ከተለቀቀ የታሰረው ግፊት ነው፤ ካልተለቀቀ ፒስቶኑ ወይም ካሊፐሩ ራሱ በብረቱ ተይዟል ማለት ነው። ግፊት ከሆነ ደግሞ እንደገና አስይዘህ በዚህኛው ዙር ከላይ፣ በማስተሩ (እጀታው ሥር ሆኖ ዘይቱን በሚገፋው ፓምፕ) አጠገብ ያለውን የቱቦውን ቡሎን ታላላለህ። እዚያ ላይ ከለቀቀ ጥፋቱ ማስተሩ ነው። እዚያ ሳይለቅ ከታች ብቻ ከለቀቀ ጥፋቱ በመካከል ያለው ቱቦ ነው። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ጨርቅ፣ አሥር ደቂቃ። የሦስት ሳምንት ሥራዬን ካሳለፍኩ በኋላ መስማቴ ነው እንጂ ያናደደኝ፣ ትምህርቱስ ግሩም ነበር። ብቻ ጨርቁን አትርሱ፤ የፍሬን ዘይት የነካው ቀለም ይላጣል። ነዳጅ ጋኔ ላይ ያረፈችውን አንዲት ጠብታ ወዲያው በውሃ ባላጥባት ኖሮ ዛሬ የሷንም ታሪክ እጽፍ ነበር።

ማስተሩ አጠገብ ስላላው ለቀቀ።

ማስተሩ ላይ ባለው የዘይት ማደሪያ ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንዷ በግልጽ ትታያለች። ሁለተኛዋ የፀጉር ያህል ናት፤ ወለሉ ላይ በተጋገረው ቡናማ ዝቃጭ ሥር ስለነበረች መኖሯንም አላውቅም ነበር። ሥራው ግን የሷ ነው። እጀታውን ስትለቅ የማስተሩ ፒስቶን ከዚህች ቀዳዳ ኋላ ይመለሳል፣ የተረፈው ዘይት፣ በሙቀት ያበጠውም ጭምር፣ በሷ በኩል ወደ ማደሪያው ይወጣል። ስትደፈን ያበጠው ዘይት መውጫ የለውም። እጀታው መጠነኛ ልል ጉዞ ሳይኖረው ቢገጠምም ውጤቱ አንድ ነው፤ ፒስቶኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስምና ቀዳዳዋን እንደሸፈናት ይቀራል።

ማስተሩን ፈታሁት። የውስጡን ቀለበት ለማውጣት አፉ ረጅምና ቀጭን የሆነ የቀለበት ፒንሳ ያስፈልጋል፤ በካቻቪቴ እየቆፈርኩ የሲሊንደሩን ግድግዳ ልጭር ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀዳዳዋን የከፈትኩት በጊታር የመጀመሪያ ክር ነው። ክሯ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ናት። ቀዳዳዋን መብሻ ማሽን አስገብታችሁ እንዳታሰፏት፤ ጎሚኒው በየጊዜው በላይዋ ያልፋል፣ ጠርዟ ከሻከረ ይበላዋል። ክሩን አሳልፌ ወደ መብራት ሳነሣው በዚያች ነጥብ በኩል ብርሃን ገባ። ሁለት ዓመት ከደከምኩበት ቀለም ይልቅ ያቺን ነጥብ ማየት አስደሰተኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

አየር ማስወጣቱ ትዕግሥት ይፈታተናል። የተለመደውን፣ እጀታውን ጨብጦ ማስወጫውን ከፍቶ፣ ዘግቶ እጀታውን መልቀቅን ሃምሳ ጊዜ አድርጌ እጀታው ስፖንጅ እንደሆነ ቀረ። አየር ሽቅብ መሄድ ነው ተፈጥሮው፤ እኛ ደግሞ ቁልቁል እንገፋዋለን። ስለዚህ በስሪንጅና በቀጭን ቱቦ ከታች ከካሊፐሩ ማስወጫ ወደ ላይ ዘይት ገፋሁ፣ አረፋው በማደሪያው በኩል እየተንቦገቦገ ወጣ። ማደሪያው እንዳይሞላና እንዳይፈስ አንድ ሰው ቢያይላችሁ ጥሩ ነው። ሌሊቱን እጀታውን በጎማ ማሰሪያ ጨብጬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ጠንክሮ አገኘሁት።

ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ወለል 155 ነው። እኔ ያወጣሁት ዘይት ሻይ መስሎ ነበር። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከዚህኛው ጋር አይቀላቀልም፤ 5.1 የሚለው ደግሞ ስሙ ቢቀርብም ከ4 ወገን ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው ምን አስቦ ይሆን?

የኋላው ታምቡር ብዙ አላስቸገረኝም። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አልነፋሁም፤ በውሃ አርሼ፣ ማስክ አድርጌ በጨርቅ ጠርጌዋለሁ። ሸራውን የሚከፍተውን ዘንግ ጥቂት ግራሶ ቀባሁት፤ ጥቂት ያልኩት ሸራው ላይ ከደረሰ ሥራው ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን ነው። በዘንጉ ጫፍ የሚታሰረውን ክንድ ስመልስ ምልክቱን አንድ ጥርስ አሳስቼ ገጥሜው ፔዳሉ ደካማ ሆነብኝ። ፍሬን ሲያዝ ክንዱና የሚጎትተው ዘንግ ወደ 90 ዲግሪ ማዕዘን ቢቀርቡ ነው ጉልበቱ ሙሉ የሚሆነው።

ሙከራውን በመግፋት ጀመርኩ፣ ከዚያ በእርምጃ ፍጥነት፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ። ሃያ ጊዜ ያዝኩ፣ ሃያ ጊዜ ለቀቀች። ቆሜ በመካከለኛው መቆሚያ አነሣኋትና የፊቱን ቸርኬ ከፍ አድርጌ በጣቴ ገፋሁት፤ ሸራው ዲስኩን በስሱ እየዳበሰ ሁለት ዙር ተኩል ዞረ።

በዝናብ ግን አሁንም አላምናትም። የዚያ ዘመን አይዝጌ ዲስክ ሲረጥብ እጀታውን ጨብጠህ ለቅጽበት ምንም አይሆንም፣ ውሃው ተጠርጎ ሲያበቃ ድንገት ይይዛል። የተሻለ ሸራ አዝዣለሁ፤ እስከዚያው ደመና ሲጠቁር አላወጣትም።